ቪታሚን ዲ ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝባቸው ወገኖች ምን ይጠቅማል?

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር በመጣ ጊዜ ከሻንጣው ከሚወጡት ስጦታዎች አንዱ የቪታሚን ብልቃጥ መሆኑ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ልብሱና ጫማው ለልጆች ይታደላል፤ ብልቃጡ ግን ለእናት ወይም ጤና ለጎደለው የቤተ ሰብ አባል ይሰጣል። ሰጪው «ይህ ለአጥንት ነው፤ ኀይልም ይሰጣል» ብሎ ያስረዳል፤ ተቀባዩም መርቆና አመስግኖ በማግሥቱ መዋጥ ይጀምራል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ከእነዚህ ብልቃጦች ስለ አንደኛው፣ ይኸውም ስለ ቪታሚን ዲ ነው። ይልቁንም ኤች አይ ቪ በደማቸው ተገኝቶ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ለሚወስዱ ወገኖቻችን ይህ ቪታሚን በምን እንደሚረዳ፣ በምን እንደማይረዳ፣ ከመድኃኒቱም ጋር ሲገናኝ ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቪታሚን ዲ ከሌሎቹ ቪታሚኖች የሚለየው ዋና ምንጩ ምግብ ሳይሆን የሰው ቆዳ በመሆኑ ነው። የፀሐይ ጨረር ቆዳን ሲነካ፣ በቆዳው ውስጥ ያለ ከስብ ወገን የሆነ ነገር ተለውጦ ቪታሚን ዲ ይሆናል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ በጉበት፣ ሁለተኛም በኩላሊት ተለውጦ ለሥራ ይዘጋጃል። ሥራውም ካልሲየም የተባለውን የአጥንት ማዕድን አንጀታችን ከምግብ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ይህ ሲጎድል የሕፃን አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩም ይጎብጣል፤ ይህም በሽታ ሪኬትስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤድዋርድ ሜላንቢ የተባለ እንግሊዛዊ የዓሣ ጉበት ዘይት ይህን በሽታ እንደሚከላከል በቡችሎች ላይ ባደረገው ምርመራ አሳየ። በዚያው ዓመት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች በመብራት ጨረር ፈወሰ። ከዓሣ የወጣ ዘይትና ከመብራት የወጣ ጨረር አንድን በሽታ ማዳናቸው በእውነት የሚያስደንቅ ነገር ነው። ቪታሚን ዲ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣለት ኤልመር ማክኮለም የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው።

አንባቢ ምናልባት «የ13 ወር ፀሐይ ባላት አገራችን ይህ ቪታሚን እንዴት ይጎድላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፀሐይ በሰማይ መኖሯ ብቻ አይበቃም፤ ቆዳን መንካት ይኖርባታል። በመስኮት መስተዋት በኩል የገባ ብርሃን ያሞቃል እንጂ ቪታሚን ዲ አያስገኝም፤ ጥቁር ቆዳም ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ በፀሐይ መቆየት ይፈልጋል። በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር በተማሪዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከከተማ ልጆች ከመቶው 62 ያህሉ፣ ከገጠር ልጆች ግን ከመቶው 21 ያህሉ የቪታሚን ዲ ጉድለት እንዳለባቸው ገልጧል። በመምህርነት ለምንውል ሰዎች ይህ ቍጥር እንግዳ አይሆንብንም። አንደኛው ልጅ ከብት ሲጠብቅ ይውላል፤ ሁለተኛው ከቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤት ይመላለሳል፤ ቤት ሲገባም ከቴሌቪዥን ፊት አይነሣም።

ምግብም ጉድለቱን ብዙ አይሞላውም። ቪታሚን ዲ በሚገባ የሚገኝባቸው ስብ ያላቸው የዓሣ ዓይነቶች፣ ከዚያም በጥቂቱ የእንቍላል አስኳልና ጉበት ናቸው። በጤፍ፣ በሽሮና በምስር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጾም ወራት ከማዕዳችን የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ፀሐይ ግን የጾምና የፍስክ ልዩነት የላትም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ስለ አጥንታቸው እንዲያስቡ የሚያደርጋቸው ምክንያት አለ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው ከሞት አፋፍ ተመልሷል፤ በዚያን ጊዜ በ30 ዓመቱ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ዛሬ 50 ዓመት ሞልቶታል። ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኤፋቪረንዝ የተባለው መድኃኒት ጉበት ቪታሚን ዲን ፈጥኖ እንዲያፈርስ ያደርጋል። ዛሬም በሰፊው የሚሰጠው ቴኖፎቪር በኩላሊት በኩል አልፎ የአጥንትን ማዕድን ያሳሳል። መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ከአጥንት ጥንካሬ ከመቶው ከ2 እስከ 6 እጅ እንደሚቀንስ ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ረጋ ይላል። ይህን ሰምቶ ከድንጋጤ የተነሣ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። የሳሳ አጥንት ይታከማል፤ ቫይረሱ ግን ክፍት በር ካገኘ ለማንም አይራራም።

ቪታሚን ዲ የሚረዳው በዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ኤፋቪረንዝና ቴኖፎቪር ያለበትን መድኃኒት በጀመሩ 165 ሰዎች ላይ ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለግማሾቹ በየቀኑ 4000 አይ ዩ ቪታሚን ዲ ከካልሲየም ጋር፣ ለግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበት አምሳያ ክኒን ተሰጣቸው። ከ48 ሳምንት በኋላ፣ ቪታሚኑን ያልወሰዱት ከዳሌ አጥንታቸው ጥንካሬ ከመቶው ከ3 እጅ በላይ ሲያጡ፣ የወሰዱት ያጡት አንድ ከግማሽ እጅ ያህል ብቻ ሆነ። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ስለ ቪታሚን ዲ የሚወራው በአጥንት አልቆመም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ከሚገኝባቸው ሰዎች መካከል ቪታሚን ዲ የጎደላቸው ፈጥነው እንደሚታመሙና እንደሚሞቱ በታንዛንያም በሌላም አገር ተስተውሎ ነበርና፣ ብዙዎች «እንግዲያስ ቪታሚኑን ብንሰጣቸው ይድናሉ» ብለው ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ማለዳ ጋቢ የተከናነበ ሰው በበዛበት ስፍራ ብርድ አለ፤ ብርዱን ያመጣው ግን ጋቢው አይደለም። ታሞ የተኛ ሰው ከቤት አይወጣም፣ ምግብም አያሰኘውም፤ ቪታሚን ዲ የሚጎድለው በመታመሙ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ለመለየት በዳሬ ሰላም ከተማ ታላቅ ምርመራ ተደረገ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚጀምሩና ቪታሚን ዲ የጎደላቸው 4000 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ 50,000 አይ ዩ፣ ከዚያም በየቀኑ 2000 አይ ዩ ለአንድ ዓመት ያህል ወሰደ፤ ሁለተኛው ወገን አምሳያውን ክኒን ወሰደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲገለጥ፣ በሞትም ሆነ በሳንባ ነቀርሳ በመያዝ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ከተማ ቫይረሱ በደማቸው ባለ 2300 ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተደረገውም ምርመራ የእናቶቹን ሕመም ወይም ሞት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ቪታሚን ዲ የአጥንት ደጋፊ ነው እንጂ የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይደለም። በመድኃኒቱ ፈንታ የሚወስደው ሰው ቢኖር ራሱን እየጎዳ ነው።

አሁን ደግሞ በየቤቱ ሳይታወቅ የሚደርሰውን ጉዳት እንናገር። ብልቃጡ ላይ ቪታሚን ዲ ተብሎ ቢጻፍም ብዙ ጊዜ ካልሲየም ተጨምሮበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ብረት፣ ዚንክና ማግኒዥየምም አለበት። በሌላ በኩል ዛሬ በአገራችን በሰፊው የሚሰጠው አንድ ክኒን ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉ ሦስት መድኃኒቶች የተዋሐዱበት ነው። ከነዚህ ዶሉቴግራቪር የተባለው በባዶ ሆድ ከካልሲየም ወይም ከብረት ጋር ሲገናኝ ይታሰራል፤ ወደ ደም የሚገባውም መጠን በብዙ ይቀንሳል።

አንዲት እናት አለች እንበል። ቫይረሱ በደሟ መኖሩን ከባለቤቷ በቀር ማንም አያውቅም። በውጭ አገር ያለች እኅቷ ይህን ሳታውቅ፣ በፍቅር፣ የአጥንት ክኒን ላከችላት። እናቲቱም ልጆቿ ሳይነሡ፣ ወደ ቅዳሴም ሳትሄድ፣ በሌሊት ሁለቱን ክኒኖች በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጣለች። አንድም ቀን አላጎደለችም። ነገር ግን ከወራት በኋላ የቫይረሱ መጠን ሲመረመር ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የጤና ባለሙያውም «መድኃኒትሽን ታቋርጫለሽን?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እርስዋም በእውነት «አላቋርጥም» ብላ ትመልሳለች። ስለ ብልቃጡ ግን የጠየቃት የለም፤ እርስዋም የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቀችም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዶሉቴግራቪር ካልሲየም ወይም ብረት ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ ይዋጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ ግድ ከሆነ ከምግብ ጋር ይሁን። ማግኒዥየም ወይም አሉሚንየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ግን ከምግብ ጋርም ቢሆን አብሮ አይወሰድም፤ ሰዓቱን መለየት የግድ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ካልሲየሙን ጾሙን ሲፈታ ቢወስድ፣ መድኃኒቱን ማታ ከ3 ሰዓት በፊት መዋጥ የለበትም፤ 2 ሰዓት ላይ ቢውጥ አምስት ሰዓት ብቻ ነውና። ካልሲየም ያልተጨመረበት ቪታሚን ዲ ብቻውን ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ ዘይት ካለበት ምግብ ጋር ቢወሰድ ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር እንጨምር። መድኃኒቱን ጥለው ወደ ጠበል ብቻ የሚሄዱ ወገኖች በበዙበት ጊዜ፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። መድኃኒቱን በጠበል መዋጥ የሚከለክለው ነገር የለም፤ በባዶ ሆድ ቢሆንም ይሠራል። ካልሲየሙ ግን ለሌላ ሰዓት ይቈይ።

መጠኑም ሊታሰብበት ይገባል። ቪታሚን ዲ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻልና ሲበዛ በቀላሉ አይወጣም፤ በደም ውስጥ ካልሲየም እንዲበዛ አድርጎ ማቅለሽለሽ፣ ጥማት፣ ሽንት ማብዛትና የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። ኩላሊት ደግሞ ቴኖፎቪርም የሚያልፍበት መንገድ ነው። የአሜሪካ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 በወሰኑት መሠረት ለዐዋቂ ሰው በቀን 600 አይ ዩ፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ 800 ይበቃል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4000 ማለፍ አይገባም። ለገበያ ከሚቀርቡት መካከል ግን በአንድ ክኒን 50,000 የያዘ አለ፤ ይህ በሐኪም ትእዛዝ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ እንጂ የየዕለት አይደለም።

ስለዚህ ብልቃጥ የደረሰው ሰው መድኃኒቱን ለመቀበል ወደ ጤና ጣቢያ በሚሄድበት ቀን ብልቃጡን ይዞ ሄዶ ለባለሙያው ያሳይ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ በቤት ካለ ደግሞ በጀርባው የተጻፈውን ያንብብለት፤ ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ማግኒዥየም የሚሉትን ስሞች ይፈልግ። የአንዳንዱ ብልቃጥ መጠን በአይ ዩ ሳይሆን በማይክሮግራም ይጻፋል፤ 1 ማይክሮግራም 40 አይ ዩ ነውና 25 ማይክሮግራም የሚለው 1000፣ 125 ማይክሮግራም የሚለውም 5000 አይ ዩ ማለት ነው።