የተሰረዘው ዋጋና የቀረው ዕድሜ

በቅርቡ አንድ የልደታ ነዋሪ የሆኑ አባት ምክር ሊጠይቁን መጡ። ሴት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ከልደታ ማርያም ብዙም በማይርቅ አንድ ሱቅ መስተዋት ላይ ስስና ቀላል ላፕቶፕ አይታ ልቧ ወዶታል። የቀድሞው ዋጋ በቀይ ተሰርዞ፣ ከሥሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ዋጋ ተጽፏል። «ገንዘቡ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምነው ነው፤ ከባከነ ቶሎ የምንተካው አይደለም። ይገዛ ወይስ ይቅር ትሉኛላችሁ?» አሉን። ከአባትና ልጅ ጋር አብረን ሄድን።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከብዷል። ስለዚህ «ቅናሽ» የሚለው ቃል ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ዓይን ይስባል።

ለመሆኑ ስስ ላፕቶፕ ከሌላው በምን ይለያል? አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤርን ሲያወጣ ክብደቱ 1.36 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። ነገር ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ባትሪውም ተጠቃሚው በቀላሉ የማያወጣው ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ስስ ላፕቶፖች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። እንግዲህ ወፍራሙን ገዝተን ኋላ ራም ልንጨምርለት እንችል ይሆናል፤ ስሱ ግን ብዙውን ጊዜ በተገዛበት ራም ያረጃል። ስለሆነም ምርመራው ከመክፈል በፊት መሆን አለበት።

ሱቁ ውስጥ ወጣቱ ሻጭ ላፕቶፑን በደስታ ከፈተልን። ሽፋኑ ላይ «ኮር አይ 7» የሚል ተለጥፏል። «ሴቲንግስ» ገብተን «አባውት» የሚለውን ስንከፍት ግን ከአይ 7 ቀጥሎ 6600 የሚል ቁጥር አገኘን። የመጀመሪያው 6 የሚያመለክተው ስድስተኛውን ትውልድ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ላይ የዋለ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተማሪዋ አራት ዓመት ልትማርበት የታሰበው ዕቃ ገና ከመገዛቱ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ባትሪውን አየን። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ነፃ ትእዛዝ አለው፤ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያሳያል፤ አንደኛው ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። የዚህኛው 50 ሺህ የነበረው 24 ሺህ ሆኗል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከግማሽ በታች የሚይዝ ባትሪ ይዞ መማር አስቸጋሪ ነው። ራሙም 8 ጊጋባይት ሲሆን አይጨመርበትም።

ሻጩን ስንጠይቀው «እውነት ነው፣ ዩዝድ ነው፤ ከውጭ ነው የመጣው» አለን። ሌላም አወጣልን፤ ወፈር ያለ፣ ስምንተኛ ትውልድ፣ ራም የሚጨመርበት፣ ባትሪው ደህና የሆነ። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ቅናሽም የለውም።

እዚህ ላይ አባትየው አመነቱ። እኛም በወረቀት አሰላንላቸው። ለምሳሌ ያህል በ45 ሺህ ብር የተገዛ ላፕቶፕ 18 ወር ቢያገለግል በወር 2,500 ብር ያስወጣል። በ60 ሺህ ብር የተገዛው 48 ወር ቢያገለግል ግን በወር 1,250 ብር ብቻ ነው። ቅናሽ የሚለካው በተሰረዘው ዋጋ ሳይሆን በቀረው ዕድሜ ነው። ልጅቷ ስሱን አንዴ አየችውና «አባዬ፣ የሚከብደው ይሻለኛል» አለች።

ቀላልነት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ራሙ ለሚሠራበት ሥራ ከበቃ፣ ባትሪው ከያዘ፣ የቀድሞ ባለቤት የይለፍ ቃል ካልቆለፈው፣ ስሱ ላፕቶፕ በቅናሽ ሲገኝ መልካም ግዢ ነው። የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ካለ ግን ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ይደመር።

ለሻጭ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው መጠየቃቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ያረጀ ባትሪም የዘመናችን እርጥብ እህል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ያዛል። ስለዚህ ሞዴሉን፣ የባትሪውን አቅምና የመመለሻውን ቀን በደረሰኙ ላይ አጽፉ። ይህን ለመጻፍ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።