ክንድና ሸክም፤ በማግሥቱ ስለሚነሣው የጡንቻ ሕመም

አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ፤ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው የከተማ አስተዳደር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ በዋና ከተማይቱ ቦታ ያጣው ሕዝብ ቤት የሚሠራባቸው፣ ፋብሪካ የሚተከልባቸው፣ መጋዘን የሚከፈትባቸው ስለ ሆኑ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሲሚንቶና ብሎኬት፣ እህልና ብረት ሲራገፍባቸው ይውላል። ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይሁን እንጂ ከመኪናው አካል እስከ መጋዘኑ ደጃፍ ያለችውን የመጨረሻዋን ጥቂት እርምጃ የሚፈጽማት ዛሬም የሰው ትከሻና የሰው ክንድ ነው።

ጫኝና አውራጅ የምንለው የሥራ ጓድ፣ ከውጭ ለሚያየው ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ቢመስልም፣ የራሱ ጥበብ አለው። ከመኪናው ላይ የቆሙት ሁለቱ ኩንታሉን አንሥተው፣ ከታች ጎንበስ ብሎ በሚጠብቀው ባልንጀራቸው ጀርባ ላይ ያሳርፉለታል፤ እርሱም እጁን ወደ ኋላ መልሶ የጆንያውን ጫፍ ጨብጦ ይሄዳል እንጂ ሸክሙን በክንዱ አያንጠለጥለውም፤ ጀርባና ጭን የሚችሉትን ለክንድ መስጠት አላዋቂነት መሆኑን ማንም ሳይሰብክለት ከሥራው ተምሯልና። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው የሚወርዱት ሴቶችም ይህንኑ ያውቃሉ።

አዲስ ገቢው ግን ሁሉን በክንዱ ሊያደርገው ይሞክራል። ሰኞ ሲሚንቶ ሲያወርድ ይውልና ማታ ከድካም በቀር ሌላ ሳይሰማው ይተኛል፤ ማክሰኞ ማለዳ ክርኑ አልታጠፍ አልዘረጋ ይለዋል፤ ረቡዕ ደግሞ ይብስበትና ጉርሻ ወደ አፉ ማድረስ እንኳ ይጨንቀዋል። «ሰውነቴ ተሰባበረ» ይላል፤ ብርድ መታኝ ብሎ የሚጠረጥርም አለ። ሕመሙ ግን ብርድም ደዌም ሳይሆን በተፈጥሮ ሥርዐት የሚመጣ ነገር ነው፤ ከሥራው በኋላ በ12ና በ24 ሰዓት መካከል ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቀን ውስጥ ይበረታል፣ ሳምንት ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ይለቃል።

ስለ ምክንያቱ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ይኸውም በጡንቻ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው የሚለው ነው። ሥራ ሲበረታ ይህ አሲድ በጡንቻ ውስጥ መብዛቱ እውነት ነው፤ ኦቶ ማየርሆፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለዚሁ ምርምሩ ከእንግሊዛዊው አርኪባልድ ሂል ጋር የ1922ን (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ነገር ግን አሲዱ ሥራው በቆመ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ከጡንቻው የሚጠረግ ስለ ሆነ፣ ሰኞ የተፈጠረው ነገር ረቡዕ ያሳምማል ማለት አይገጥምም። ከማየርሆፍ ሽልማት 20 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1902፣ ቴዎዶር ሀፍ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በማግሥቱ የሚመጣው ሕመም በጡንቻው ውስጥ ከሚደርስ መሰነጣጠቅ የተነሣ እንደሚሆን አመልክቶ ነበር፤ የኋላ ሊቃውንትም ጡንቻን በረቂቅ አጉሊ መነጽር ሲመረምሩ ጥቃቅኖቹ ክሮች ተዛብተውና ተቀድደው አግኝተዋቸዋል። ሰውነት የተጎዳውን ሊጠግን ደምና ፈሳሽ ወደ ስፍራው ሲያጎርፍ እብጠቱና ሕመሙ ይከተላል፤ የሚዘገየውም ስለዚህ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነጥብ ደረስን። ክሮቹን አብዝቶ የሚጎዳው ሸክምን ማንሣት አይደለም፤ ማውረድ ነው። ባልዲ ወደ ጉድጓድ የሚያወርድ ሰው ገመዱን እንደ ጨበጠ ጥቂት በጥቂት እንደሚለቅ፣ ክንዳችንም ከባድ ነገር ዝቅ ሲያደርግ ጡንቻው በአንድ በኩል እየጨበጠ በሌላ በኩል እየተሳበ ይረዝማል፤ በዚህ ተቃራኒ ሥራ መካከል ነው የሚሰነጠቀው። ስለዚህም ብሎኬት በቅብብል ሲተላለፍ፣ ከሚወረውረው ይልቅ ከአየር የሚቀልበው፣ ክንዱ የመጣበትን ኃይል ወደ ኋላ እየተገፋ ስለሚያቆም፣ በማግሥቱ ይበልጥ ይታመማል። ወርዋሪና ቀላቢ በየጊዜው ቦታ እንዲለዋወጡ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ እንዲያውም ባይወረወር፣ ከእጅ ወደ እጅ ቢሰጥ ይሻላል። ሸክም ሲቀመጥም ክንድን ዘርግቶ ሳይሆን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ በጉልበት ሸብረክ ብሎ ነው።

ተፈጥሮ የሰጠችው ሌላ ጸጋ ደግሞ አለ። አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ሥራ የታመመ ጡንቻ ከተጠገነ በኋላ ለዚያው ሥራ ይጠነክራል፤ ያው ሸክም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመለስ ሕመሙ በጣም ያነሰ ይሆናል፤ ይህም ጥበቃ ለሳምንታት ይቆያል። ለመጠንከርም የግድ ክፉኛ መታመም አያስፈልግም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ሸክም ማንሣት ጡንቻውን ለከባዱ ያዘጋጀዋል። ስለሆነም ለክረምት እርሻ ወደ አገሩ ገብቶ ከመስቀል በኋላ ወደ ግንባታው የሚመለስ ሠራተኛ፣ የቱንም ያህል ነባር ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ ሸክም ቢጀምር ብልህ ነው። ከሥራ በፊትና በኋላ ክንድን መሳብና ማፍታታት ግን፣ ብዙ ቢመሰገንም፣ የማግሥቱን ሕመም የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ መሆኑ በምርምር ተረጋግጧል። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነችው በሱሉልታ ብርድ ግን ሰውነትን ሳያሟሙቁ ወደ ሸክም መግባትን እኔ አልመክርም።

ሕመሙ ከመጣ በኋላ ምን ይደረግ? አልጋ ላይ መዋል አያሽረውም፤ ክንድን በቀላል ሥራ ማንቀሳቀስ ለጊዜውም ቢሆን ያቀለዋል። ቀዝቃዛ ውኃም ሙቅ ውኃም ጥቂት ይረዳል። በሙቅ ውኃ ረገድ አካባቢው የታደለ ነው፦ የቡራዩ መንገድ ወደ አምቦ፣ የሰበታውም ወደ ወሊሶ ፍል ውኃ ያደርሳል፤ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ የሚወርድም፣ እቴጌ ጣይቱ እየወረዱ ይታጠቡበት የነበረውንና በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነውን ፍልውሃን ያገኛል። በለዘብታ መታሸት ያስታግሣል፤ ወጌሻው ግን በኃይል ልጠምዝዝ ቢል እምቢ ማለት ይገባል፤ የተሰነጠቀው ጡንቻ እንጂ የወለቀ አጥንት የለምና። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ቢቀንሱም ጨጓራንና ኩላሊትን የሚጎዱ ስለሆኑ፣ ሕመሙን ደብቆ ለመሥራት ጠዋት ጠዋት መዋጥ ጥፋት ነው። ዐቢይ ጾም ግንባታ በሚበረታበት በበጋ ስለሚውል ጿሚው ሠራተኛ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ማብዛት አለበት፤ ጡንቻ የሚጠገነው በእነዚህ ውስጥ ባለው ገንቢ ምግብ ነው። ሰበታ የሜታ ቢራ አገር መሆኗ ቢታወቅም፣ ላቡን ያፈሰሰ ሰው የሚተካው በውኃ ነው።

በአንድ ነገር ግን መዘናጋት አይገባም። ክንዱ እጅግ አብጦ ኃይል ካጣ፣ ሽንቱም እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ የተጎዳው ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ፈስሶ ኩላሊትን ሊያጠፋ ነውና ሰውየው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። በሥራ መካከል ድንገት «ቷ» ያለ ጡንቻ፣ የሚደነዝዝ እጅ፣ ከደረት ሕመም ጋር የሚመጣ የግራ ክንድ ሕመምም እንዲሁ በሐኪም ይታይ።

ይህ ሁሉ ምክር ግን ለሠራተኛው ብቻ ከተነገረ ጎደሎ ነው፤ የዕለት ሲሳዩን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው «ግማሽ ሸክም ጀምር» ቢባል ግማሽ ዋጋ ይከፈለዋልና። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ የሚሸከምበት አገር ልኩን በቶሎ ወደዚያ እንዲያወርድ አሳስቧል፤ የእኛ ኩንታል ግን 100 ኪሎ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ሲሚንቶ አስቀድሞ በ50 ኪሎ ከረጢት እየታሸገ ስለሚመጣ፣ የእህል ነጋዴዎችም ጆንያቸውን በ50 ኪሎ ልክ ቢሞሉ፣ ተቋራጮችም የእጅ ጋሪና ባሬላ ቢያበዙና አዲስ ገቢውን በሙሉ ዋጋ ለአንድ ሳምንት በቀላል ሸክም ቢያለማምዱት፣ ሊከብዳቸው አይገባም፤ እንዲያደርጉት እንለምናቸዋለን።