በአራቱም ጎማ የሚጎትት የእርሻ ትራክተር፤ ጉልበቱና አስተማማኝነቱ በይጁቤ እንዴት ይመዘናል?

ይጁቤ በጎጃም ደጋ፥ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። የወረዳው መሬት ወደ ደቡብ እየወረደ ዓባይን ይጠጋል። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ የሚተዳደረው ጤፍ፥ ስንዴና በቆሎ በማረስ ነው። እስከ ዛሬም ዋናው የእርሻ ኃይል ጥማድ በሬ ሲሆን፥ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ይሁን እንጂ ትራክተር በኪራይም ሆነ በማኅበር ግዢ ወደ ገጠሩ እየገባ ስለ ሆነ፥ መሣሪያውን መመዘን ማወቅ የመካኒኮች ብቻ ሥራ መሆኑ ቀርቷል።

ትራክተር የሚገዛ ወይም የሚከራይ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ በወረቀት ላይ የተጻፈው ጉልበት በደጋው እርጥብ መሬት ላይ ማረሻው ዘንድ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ አስተማማኝነት የሚለካው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፥ መሣሪያው ከተበላሸ በኋላ ቆሞ በሚጠብቅበት ቀን ብዛትም መሆኑ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም። በሬውን ሸጦ ትራክተርን ተስፋ ያደረገ ገበሬ፥ ትራክተሩ በሐምሌ ቢቆምበት የሚያጣው የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የዓመት እህሉን ነው።

ሀ. በወረቀት ያለው ጉልበትና በደጋ ያለው ጉልበት

ትራክተርን ሻጩ በሚለው ሳይሆን በፈተና መመዘን የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በአሜሪካ የኔብራስካ ግዛት፥ ገበሬዎች በማይረቡ ትራክተሮች ስለ ተታለሉ፥ ያልተፈተነ ትራክተር እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1919 ወጣ፤ ፈተናውም በ1920 በሊንከን ከተማ ተጀመረ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሊንከን ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በታች የምትገኝ መሆኗ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን 2,446 ሜትር ላይ ነች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው።

የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ናፍጣን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለ ሆነ፥ አየር ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። አየር የሚያጭቅ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በደብረ ማርቆስ ከፍታ 60 ያህሉ ብቻ ይቀርለታል። ተርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ተርቦው በጣም ፈጥኖ የሚሽከረከር ስለ ሆነ ንጹሕ ዘይት የሚፈልግ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ስሕተት አለ። የናፍጣው ፖምፓ ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ፥ በደጋ አየሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ናፍጣ ይረጫል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ኖዝሉ ተበላሽቷል» ይላል፤ አንዳንዱም ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ይመስለዋል። ነገር ግን ትርፉ ናፍጣ ሞተሩን ያግላል፥ ዘይቱንም ያቀጥናል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ስለዚህ ወደ ደጋ የመጣ ትራክተር አስቀድሞ ፖምፓው በባለሙያ ሊስተካከል ይገባል።

ለ. ከሞተሩ እስከ ማረሻው

ከሞተሩ የወጣው ጉልበት በካምቢዮውና በዲፈረንሻሉ በኩል አልፎ ጎማው ላይ ይደርሳል፤ ጎማው መሬቱን ይዞ ካልገፋ ግን ከንቱ ነው። ዋልካ መሬት ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፥ ይሰነጠቃልም፤ ሲረጥብ ደግሞ ይለጠፋል፥ ያሟልጫልም። በጎጃም የክረምት እርሻ ትራክተሩን የሚፈትነው ይህ ሁለተኛው ጠባዩ ነው።

በአራቱም ጎማ መጎተት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጎማ ሊጎትት የሚችለው በላዩ ባረፈው ክብደት መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል 3,700 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር ቢኖርና 2,300ው በኋላ ጎማ፥ 1,400ው በፊት ጎማ ላይ ቢያርፍ፥ ለስላሳው አፈር ደግሞ ከክብደቱ ከመቶ 45 እጁን ብቻ ለመጎተት ቢፈቅድ፥ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደው 1,035 ኪሎ፥ በአራቱም የሚሄደው ግን 1,665 ኪሎ ይጎትታል። ማረሻው በኋላ ጎማ ላይ የሚጨምረውን ክብደት በዚህ ስሌት አላስገባንም። ሞተሩ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የፊቱ ክብደት ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

አሁን ይህን ከማረሻው ጋር እናስተያይ። በከባድ አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቅና 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚገለብጥ ባለሦስት ዲስክ ማረሻ 1,500 ኪሎ ያህል የመጎተት ኃይል ይፈልጋል ብንል፥ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ለማረስ 33 የፈረስ ጉልበት ማረሻው ላይ መድረስ አለበት። በለስላሳ መሬት፥ ከሞተሩ ጉልበት በኋላ ጎማ ብቻ በሚሄደው ግማሽ ያህሉ፥ በአራቱም በሚሄደው ከመቶ 60 ያህሉ ማረሻው ላይ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። በደጋው ከቀሩት 60 የፈረስ ጉልበቶች የመጀመሪያው 30፥ ሁለተኛው 36 ያደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ በአራቱም የሚሄደው ሥራውን ይወጣል፤ ሌላው ግን ወይ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይ አንድ ዲስክ ይፈታል። በወረቀት ላይ ሁለቱም «ባለ80» መሆናቸውን አንርሳ።

ለዚህ ዓይነት ቀላል መሣሪያ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሚንስክ የሚሠራው «ቤላሩስ» ኤም.ቲ.ዜ. 82 ነው። በደርግ ዘመን (1967–1983 ዓ.ም.) በመንግሥት እርሻዎች የታወቀው የቤላሩስ ትራክተር በናዝሬት፥ በዛሬዋ አዳማ፥ ፋብሪካም ይገጣጠም ነበር። የኤም.ቲ.ዜ. 82 ሞተር በአራት ሲሊንደር 4.75 ሊትር የሚይዝ፥ በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር 80 ያህል የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው። የፊቱ ጎማ ከኋላው ያነሰ ሲሆን፥ የኋላው ሲንሸራተት በራሱ ገብቶ ማገዝ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ የሚሆነው ግን የፊትና የኋላ ጎማ መጠን ፋብሪካው እንዳዘዘው ሲሆን ነው። ጎማ አለቀ ብሎ በልዩ ቁጥር መተካት ስሌቱን ያፋልሳል። በደረቅና በጠንካራ መንገድም የፊቱን ኃይል አጥፍቶ መሄድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጎማውም ጥርሱም ይበላል።

ሐ. በማሳ ላይ የሚደረግ ቀላል ፈተና

ጎማው ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ኖራና ሜትር ይበቃል። በኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ይደረጋል። በመጀመሪያ ማረሻው ተነሥቶ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የተሄደው ርቀት ይለካል፤ ቀጥሎ በዚያው ማሳ ማረሻው ገብቶ እያረሰ እንደዚሁ ይለካል። ባዶውን 47 ሜትር፥ ሲያርስ 40 ሜትር ቢሄድ፥ የጠፋው 7 ሜትር ነው፤ ይኸውም ከመቶ 15 ያህል ማለት ነው። ከመቶ 8 እስከ 15 ድረስ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ናፍጣው በከንቱ ይቃጠላል፥ ጎማው ያልቃል፥ አፈሩም ይጨመቃል። ከመጠን በታች ሲሆን ደግሞ ትራክተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ክብደት ተሸክሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሞተሩን የሚመለከት ነው። ማረሻው ጠንካራ ቦታ ሲያገኝ ሞተሩ ዙሩ ቀንሶ ይታገላልን? ወይስ ወዲያው ይጠፋል? ጥሩ ሞተር ዙሩ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራል፤ እንደ ብርቱ በሬ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ አንገቱን ደፍቶ ይስባል። በየእርምጃው ካምቢዮ የሚያስለውጥ ትራክተር ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ለእርሻ አይመችም።

መ. አስተማማኝነት

አስተማማኝነት «አይበላሽም» ማለት አይደለም፤ የማይበላሽ መሣሪያ የለምና። ልንጠይቅ የሚገባን ሦስት ነገር ነው፤ በስንት ሰዓት ሥራ አንድ ጊዜ ይበላሻል? ሲበላሽ ለመጠገን ስንት ቀን ይፈጃል? ጠጋኙስ ማን ነው?

ከላይ የተጠቀሰው ማረሻ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በስሌት 5,400 ካሬ ሜትር ያርሳል። ማሳው ትንንሽ ስለ ሆነ በመዞርና ከማሳ ማሳ በመዘዋወር ከመቶ 40 ይጠፋል ብንል፥ በ8 ሰዓት 2.6 ሄክታር፥ ማለት ጥማድ በሬ በቀን ያርሳል ተብሎ በሚገመተው የሩብ ሄክታር ልክ 10 ጥማድ ያህል ይታረሳል። የእርሻው ወቅት 40 ቀን ነው እንበል። አንዱ ትራክተር አንድ ጊዜ ብቻ ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪመጣ 20 ቀን ቢቆም፥ 200 ጥማድ ያርሳል። ሌላው አምስት ጊዜ ተበላሽቶ በየጊዜው በግማሽ ቀን ቢጠገን፥ 375 ጥማድ ያርሳል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ይበልጥ አገለገለ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ በዓባይ በረሃ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ለሚያስብ ሰው፥ ይህ ምሳሌ የራቀ አይመስለውም።

የቀላል ትራክተር ብልጫ የሚታየው በዚህ ነው። ፖምፓው በጥርስና በብረት የሚሠራ ስለ ሆነ የሠለጠነ የአነስተኛ ከተማ መካኒክ ያውቀዋል። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው አዲሱ ሞተር ናፍጣ ይቆጥባል፥ ለከፍታም ራሱን ያስተካክላል፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ሽቦ ስትበላሽ ኮምፒዩተር የያዘ ባለሙያ እስኪመጣ ሊቆም ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ባለሙያውና መለዋወጫው የሚገኝበት ቦታ ነው።

አሮጌ ትራክተር ሲገዛ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ያጠራጥራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ናፍጣው በደንብ አለመቃጠሉን ወይም ውሃ መግባቱን ያመለክታል። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ተቀላቅሎበታል። የዘይት መክደኛው ሲከፈት ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፒስቶንና ቀለበቱ አልቀዋል። የሰዓት ቆጣሪው ትንሽ ሥራ ቢያሳይና የፍሪሲዮኑ መርገጫ ግን ተልጎ ቢገኝ፥ መርገጫውን ማመን ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሞተር ጠላት አቧራ ነው። በበጋ የሚሠራ ትራክተር የአየር ፊልትሮው በየዕለቱ ካልታየ፥ ጠንካራውም ሞተር ጊዜው ሳይደርስ ያልቃል። ናፍጣም ሳይጣራ ከበርሜል በቀጥታ መቀዳት የለበትም።

ሠ. ትራክተር የማይገባበት ቦታ

ተዳፋት፥ እርከን የተሠራበት ማሳና ውሃ የተኛበት ዋልካ ለትራክተር አይመቹም። በአራቱም ጎማ የሚሄድ ትራክተር ሽቅብ መውጣት መቻሉ እንዳይገለበጥ አያደርገውም፤ እንዲያውም ነጂውን ያደፋፍረዋል። በእነዚህ ቦታዎች በሬ ገና ሥራውን አልጨረሰም። ስለዚህ ለይጁቤ ገበሬ የሚበጀው፥ ትራክተሩ የከረመውን ጠንካራ መሬት ሲገለብጥለት፥ በሬው ደግሞ የቀረውን እርሻና የዘሩን ሥራ ሲፈጽምለት ነው ብለን እናምናለን።

በአጠቃላይ፥ ገዢው በሞተሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ለከፍታው አንድ ሩብ ይቀንስ፤ ከቀረው ላይ መሬቱ የሚበላውን ይቀንስ፤ የተረፈውንም ከማረሻው ጋር ያስተያይ። ከዚያ በኋላ መለዋወጫው የት እንዳለ፥ ጠጋኙ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ማኅበራትም ለእያንዳንዱ ትራክተር የሥራውን ሰዓት፥ የፈጀውን ናፍጣ፥ ብልሽቱንና የቆመበትን ቀን የሚመዘግቡበት ደብተር ቢይዙ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ትራክተር የሚከራከሩት በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። የኖራውንና የሜትሩን ፈተና በዋልካና በቀይ አፈር ላይ ማድረግ ከተማሪዎች ዐቅም በላይ አይደለም። መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ይህን ሥራ ቢተባበሩን፥ ለደጋው ገበሬ የሚሆን የራሳችን ቁጥር ይኖረናል።