ሞዛርት ቱርክን በቪየና ያሰማበት መክፈቻ

«ከሐረም ማስኮብለል» የተባለው የሞዛርት አስቂኝ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1782 በቪየናው ቡርግቴአትር ነው። ደራሲው ያን ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ቤልሞንቴ የሚባል ስፔናዊ ባላባት፣ በባሕር ወንበዴዎች ተይዛ በቱርኩ ፓሻ በሰሊም ግቢ የምትኖረውን እጮኛውን ኮንስታንሴን ሊያስመልጥ ይመጣል፤ ታሪኩ ይኸው ነው።

መጋረጃው ሳይገለጥ ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወተው መክፈቻ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቫዮሊኖቹና ጓደኞቻቸው በፈጣን ምት፣ ግን በለሰለሰ ድምፅ ይጀምራሉ። ወዲያው ትልቁ ከበሮ፣ ሲምባሉ፣ ባለሦስት ማዕዘኑ ብረትና ፒኮሎ የምትባለው ትንሽ ዋሽንት በአንድነት ይፈነዳሉ። ልስላሴና ነጎድጓድ እንዲህ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። ሞዛርት በ1781 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው እንኳ ይህን ሙዚቃ እየሰማ እንቅልፍ እንደማይወስደው በኩራት ገልጿል።

እነዚህ መሣሪያዎች የኦቶማን ጃኒሳሪ ወታደሮችን ባንድ ድምፅ የሚያስመስሉ ነበሩ። የኦቶማን ጦር በ1683 ቪየናን ከብቦ አስጨንቋት ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ፍርሃቱ ለጉጉት ቦታውን ለቆ፣ «የቱርክ ሙዚቃ» የከተማዋ ፋሽን ሆኗል። እውነቱን ለመናገር፣ በመክፈቻው የሚሰማው ቪየናውያን በምናባቸው የሳሏት ቱርክ ናት እንጂ የኢስታንቡል ዜማ አይደለም።

የሥራው ትልቁ ጥበብ ግን ከጩኸቱ ይልቅ መካከሉ ላይ ነው። ግርግሩ ድንገት ያቆምና ዝግ ያለ፣ በማይነር ቅኝት የተቃኘ የናፍቆት ዜማ ይመጣል። አድማጩ የማን ናፍቆት እንደሆነ ገና አያውቅም። ፈጣኑ ክፍል ተመልሶ ሲያበቃም መክፈቻው በተለመደው መዝጊያ አይቋጭም፤ ሳይቋረጥ ወደ መጀመሪያው ዘፈን ይሻገራል። መጋረጃው ይገለጣል፤ ቤልሞንቴ ከፓሻው ግቢ ፊት ቆሞ ያንኑ ዜማ፣ አሁን በብሩህ ሜጀር ቅኝት፣ ይዘፍነዋል። ያዘነው ዜማ ተስፋ ያገኘው ከሚወዳት ሴት ደጃፍ ሲደርስ ነው፤ አንድም ቃል ሳይነገር የሰውየው ልብ አስቀድሞ ተሰምቷል።

መክፈቻው በኮንሰርት ብቻውን ሲቀርብ ይህ መሸጋገሪያ ተቆርጦ፣ ከሞዛርት ሌላ እጅ ያዘጋጀው መደምደሚያ ይቀጠልለታል።