ሃያዋን ደቂቃ እንዴት እንጠቀምባት?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1943 የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን ሊመራ የነበረው ብሩኖ ቫልተር ታመመ። በእርሱ ቦታ የቆመው የ25 ዓመቱ ረዳት መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን ነበር። ከኦርኬስትራው ጋር ሳይለማመድ መድረክ ላይ ወጣ፤ ኮንሰርቱም በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ሆኖም ተሳካለት። ይህ ወጣት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1940፣ በታንግልውድ ከሰርጌ ኩሴቪትስኪ ሥር የሚማር ሠልጣኝ ነበር።

ዛሬም ብዙዎች የኦርኬስትራ አመራር ዐውደ ጥናት ይካፈላሉ። ፒያኖ ተጫዋች መሣሪያውን ቤቱ ያገኘዋል፤ የኦርኬስትራ መሪ መሣሪያ ግን ሰዎች ናቸው። በአንድ ዙር የሚደርሳችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ታዲያ እንዳትባክን ምን እናድርግ?

1. ቤታችሁ ተዘጋጁ። “እዚያው አጠናዋለሁ” አትበሉ። የእያንዳንዱን መሣሪያ መስመር እያንጎራጎራችሁ አጥኑ። ቢ ፍላት ክላርኔት ከተጻፈለት ኖታ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ ካላወቃችሁ፣ የተሳሳተውን ተጫዋች እንዴት ታርማላችሁ?

2. እጃችሁ ይናገር። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ የሚጀምረው በአጭር ዝምታ ነው። ተጫዋቾቹ አብረው እንዲገቡ የሚያደርጋቸው አስቀድማችሁ የምትሰጡት የእጅ ምልክትና ትንፋሻችሁ ነው። ይህን በመስታወት ፊት ተለማመዱ። መድረክ ላይ ረጅም ማብራሪያ ከጀመራችሁ ደቂቃዎቹ በወሬ ያልቃሉ።

3. በሌላው ተራ ተማሩ። ሌሎች ሲመሩ ኖታውን ይዛችሁ ተከታተሉ። ያው ኦርኬስትራ በሌላ እጅ ሥር ድምፁ ለምን ተለወጠ? መልሱን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። መምህሩ ሌላውን ሲያርም “እኔስ?” ብላችሁ ጠይቁ።

4. እርማትን አትሽሹ። በሰው ፊት “ክርንህን ዝቅ አድርግ፣ ከኖታው ቀና በል” መባል ያሳፍራል። ብዙዎች ምክንያት መደርደር ይጀምራሉ፤ ጊዜዋም ታልፋለች። “እሺ” ብላችሁ ወዲያው ሞክሩት። ከተፈቀደ በቪዲዮ አስቀርጹ፤ ማታውኑ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ተመልከቱት። እጃችሁ ብቻውን ፍጥነቱንና ስሜቱን ካላሳየ፣ የቤት ሥራችሁ ያ ነው።

መዘምራንን ለምትመሩም ይኸው ምክር ይሠራል። በርንስታይን በዚያ ቀን ልምምድ ባያገኝም፣ ያጠናው ነገር ግን ነበረው። ጥሪ በድንገት ሊመጣ ይችላል፤ ዝግጅት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ኖታችሁ የት ነው ያለው? ዛሬ ማታ ግለጡት።