በግላስጎ የተጠገነው ትንሽ የእንፋሎት ሞተር

ስለ እንፋሎት ኃይል ሲነገር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚወሳ አንድ ታሪክ አለ። ጄምስ ዋት ገና ልጅ ሳለ በእሳት ላይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ሲያንቀጠቅጥ ተመልክቶ የእንፋሎትን ሞተር ፈለሰፈ ይባላል። ታሪኩ ለጆሮ ቢጥምም እውነት አይደለም። ዋት በስኮትላንድ አገር ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ በ1736 ሲወለድ፣ የእንፋሎት ሞተር በእንግሊዝ አገር ሥራ ከጀመረ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋትን ወደዚህ ሥራ ያስገባው ማንቆርቆሪያ ሳይሆን፣ አልሠራ ብሎ ለጥገና የመጣለት አንድ የማስተማሪያ አምሳያ ነው።

የመጀመሪያውን ጠቃሚ የእንፋሎት ሞተር የሠራው ቶማስ ኒውኮመን የተባለ የዳርትማውዝ ከተማ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። በዘመኑ የማዕድን ጕድጓዶች እየጠለቁ በሄዱ ቍጥር ከመሬት ውስጥ የሚመነጨው ውኃ ሥራውን ያስቆም ነበር። ውኃው ካልተቀዳ ማዕድኑ አይወጣም፤ ማዕድኑ ካልወጣ ደግሞ ባለቤቱም ሠራተኛውም እንጀራቸውን ያጣሉ። ኒውኮመን በ1712 በደድሊ ግንብ አጠገብ የተከለው ሞተር የተሠራው ይህን ውኃ ለመቅዳት ነው።

የሞተሩ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከታች ውኃ የሚፈላበት ማፍያ ጋን አለ። ከማፍያው በላይ ሲሊንደር ቆሞ ይተከላል፤ በሲሊንደሩም ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ፒስቶን ይገኛል። ፒስቶኑ በሰንሰለት የተያያዘው፣ ከላይ እንደ ሚዛን ከሚወዛወዝ ትልቅ ግንድ አንደኛው ጫፍ ጋር ነው። በሌላው ጫፍ ላይ ውኃ የሚስበው የፓምፕ ዘንግ ተንጠልጥሏል። የፓምፑ ዘንግ በክብደቱ ሲወርድ ፒስቶኑ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲሊንደሩም በእንፋሎት ይሞላል። ከዚያም ቀዝቃዛ ውኃ በሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ወደ ጥቂት የውኃ ጠብታ ስለሚለወጥ ሲሊንደሩ ባዶ ቦታ፣ ማለትም ቫክዩም ይሆናል። በዚህ ጊዜ የውጭው አየር ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፓምፑም ውኃውን ይዞ ወደ ላይ ይነሣል። እንግዲህ ከባዱን ሥራ የሚሠራው እንፋሎቱ ሳይሆን በላያችን የተጫነው የአየር ግፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የዚህን ሞተር ትንሽ አምሳያ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ያኖር ነበር። የሲሊንደሩ ስፋት 2 ኢንች (5 ሴንቲ ሜትር ያህል)፣ የፒስቶኑ ጕዞ 6 ኢንች (15 ሴንቲ ሜትር ያህል) ብቻ ነበር። አምሳያው አልሠራ በማለቱ አስቀድሞ ወደ ለንደን ለጥገና ተልኮ ነበር። በመጨረሻም የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር የነበረው ፕሮፌሰር ጆን አንደርሰን፣ ከ1763 ወደ 1764 በተሻገረው ክረምት፣ እንዲጠግነው ለዋት ሰጠው። ዋት በዚያን ጊዜ የሒሳብና የልዩ ልዩ መለኪያ መሣሪያዎችን እየሠራና እያደሰ የሚተዳደር ወጣት የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ከ1757 ጀምሮም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሥራ ቤት ተሰጥቶት ነበር።

ዋት የአምሳያውን ክፍሎች አስተካክሎ እሳት አነደደበት። ሞተሩ ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ቆመ። እሳቱ እየነደደ፣ ውኃውም እየፈላ እንፋሎቱ ያልቅበታል። ማፍያው ለሲሊንደሩ የሚበቃ ይመስላል፤ በመገጣጠሚያዎቹም ላይ ይህን ሁሉ የሚያባክን ቀዳዳ አልተገኘም። ዋት የሚረጨውን ውኃ መጠን ቀንሶ፣ የፓምፑንም ሸክም አቃልሎ ሲሞክረው ሞተሩ በደንብ መሥራት ጀመረ። የጥገናው ሥራ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ሌላ የእጅ ባለሙያ ቢሆን አምሳያውን መልሶ ዋጋውን ይቀበል ነበር። ዋት ግን ትልቁ ሞተር በየማዕድኑ ሳያቋርጥ ሲሠራ ትንሹ ለምን እንደሚደክም ማወቅ ፈለገ።

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘው ከመጠኑ ነው። የአንድ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እጥፍ ሲሆን የውጭ ገጹ አራት እጥፍ፣ የሚይዘው ነገር ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ከሚይዘው ነገር አንጻር ሲታይ ገጹ ብዙ ነው፤ ሙቀቱም ቶሎ ያመልጣል። በስኒ የተቀዳ ቡና በጀበና ውስጥ ከቀረው ቀድሞ የሚበርደው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። በዚህ ላይ የአምሳያው ሲሊንደር ከናስ የተሠራ ነበር፤ ናስ ደግሞ ለትልልቆቹ ሞተሮች ከሚጠቅመው ብረት ይበልጥ ሙቀት ያስተላልፋል። ዋት ይህን ለመፈተን በተልባ ዘይት ነክሮ በእሳት ካደረቀው እንጨት ሌላ ሲሊንደር ሠራ። ሙቀቱን በመጠበቅ በኩል የእንጨቱ ሲሊንደር ከናሱ ተሻለ፤ ነገር ግን እንጨት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ብዙ ስለማይቆይ ለሥራ የሚሆን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዋት ወደ ልኬት ገባ። አንድ መጠን ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ቦታው 1,800 እጥፍ ያህል እንደሚሰፋ ገመተ። ዛሬ የሚታወቀው መጠን ከ1,600 እስከ 1,700 ስለሆነ ግምቱ ለዘመኑ የሚያስመሰግን ነበር። ከዚያም ሞተሩ በየምልልሱ የሚፈጀውን እንፋሎት ሲያሰላው፣ ሲሊንደሩን ለመሙላት ከሚበቃው ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘው። የተረፈው እንፋሎት ሁሉ የሚያልቀው፣ በተረጨው ውኃ የቀዘቀዘውን ሲሊንደር መልሶ በማሞቅ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አጋጠመው። እንፋሎትን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢያስገባ፣ ወደ እንፋሎት የተለወጠ አንድ እጅ ውኃ ስድስት እጅ ያህል የጕድጓድ ውኃ እስከ መፍያው ድረስ ያሞቃል። ይህን ለወዳጁ ለፕሮፌሰር ጆሴፍ ብላክ ሲነግረው፣ ብላክ ስውር ሙቀት ብሎ የሚያስተምረውን ትምህርት አስረዳው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በቴርሞሜትር የማይታይ ብዙ ሙቀት ይይዛል፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ያንኑ ሙቀት ይለቃል ማለት ነው።

አሁን ችግሩ ግልጽ ሆነ፤ መፍትሔው ግን አልታየም። እንፋሎት እንዳይባክን ሲሊንደሩ ዘወትር እንደ እንፋሎቱ የጋለ መሆን አለበት። ጥሩ ቫክዩም እንዲገኝ ደግሞ ያው ሲሊንደር መቀዝቀዝ አለበት። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ እንዴት ግሎም ቀዝቅዞም ይገኛል? ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋት ራሱ እንደ ተናገረው፣ መልሱ የመጣለት በ1765 በግንቦት ወር፣ በአንድ እሑድ ቀን በግላስጎ መስክ ላይ ሲንሸራሸር ነው። አሮጌውን የልብስ ማጠቢያ ቤት አልፎ ወደ እረኛው ቤት ሲቃረብ፣ እንፋሎት ባዶ ቦታ ካገኘ እየተንደረደረ የሚገባ ነገር መሆኑን አሰበ። እንግዲያውስ ከሲሊንደሩ ጋር በቧንቧ የተገናኘ ሌላ ባዶ ዕቃ ቢኖር፣ እንፋሎቱ ወደዚያ ገብቶ ይቀዘቅዛል፤ ሲሊንደሩም እንደጋለ ይቀራል።

ዋት ሐሳቡን የፈተነው በእጁ በተገኘ ነገር ነው። የሰውን አካል አሠራር የሚያጠኑ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ትልቅ የናስ ስሪንጅ ሲሊንደር አደረገው። ማቀዝቀዣውን በውኃ ውስጥ አስቀምጦ፣ በውስጡ የሚጠራቀመውን ውኃና አየር የሚያወጣ ትንሽ ፓምፕ ጨመረበት። መሣሪያውም ወደ 8 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት አነሣ።

ይሁን እንጂ በጠረጴዛ ላይ የሠራው ነገር በማዕድን ላይ እስኪሠራ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ወሰደ። ትልቅ ሲሊንደር ሳያዛንፍ የሚቦረቡር ባለሙያ አልተገኘም፤ ገንዘብም ጠፋ። ዋት የፈጠራ መብቱን በ1769 ቢያስመዘግብም፣ ቤተሰቡን ለማስተዳደር ሲል ለቦይ ቍፋሮ መሬት በመቀየስ ዓመታትን አሳለፈ። በ1773 የሥራ ባልደረባው ጆን ሮበክ ከሰረ፤ በዚያው ዓመት የዋት ሚስት ማርጋሬት ሞተች። ከዚህ በኋላ የሮበክን ድርሻ የበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ማቲው ቦልተን ወሰደ። ጆን ዊልኪንሰን በ1774 ያወጣው የመድፍ መቦርቦሪያ መኪናም ለሲሊንደር ሥራ አመቺ ሆነ። በ1776 የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ሥራ ጀመሩ።

ቦልተንና ዋት የሚያስከፍሉት ሞተራቸው ከኒውኮመን ሞተር ይልቅ ከሚያተርፈው የድንጋይ ከሰል የሲሶውን ዋጋ ነበር። ከሰል በመርከብ ተጭኖ በሚመጣበት በኮርንዎል ማዕድኖች አዲሱ ሞተር ቶሎ ተፈለገ፤ ከሰል በደጃቸው በሚወጣበት ስፍራ ግን ብዙዎች አሮጌውን ሞተር ይዘው ቆይተዋል። የናስ ሲሊንደር ያለው ትንሹ አምሳያ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ሐንተሪያን ቤተ መዘክር ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።