የእናቴ ሹራብ ለምን አነሰ?

ባለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዝናቡ ለሦስት ቀን ሳያባራ ስለቆየ የሚታጠበው ልብስ ተከምሯል። ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ የልጆቹን ልብስ ሰብስባ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። የማሽኑን ቁጥር 60 ላይ ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ። ፎጣውም አንሶላውም አብሮ ስለነበር "በደንብ ይጽዳ" ብዬ ነው። ማሽኑ ጨርሶ በሩ ሲከፈት የአምስት ዓመቷ ልጄ ነጭ ሹራብ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ወጣ። እጅጌው አጥሯል፣ ጨርቁ እንደ ካርቶን ወፍሯል፣ ደረቱ ላይ የነበረው የጉንጉን ቅርጽ ጠፍቷል።

ሹራቡን የሠራችው እናቴ ናት። አክስቴ ከጣልያን በላከችላት የበግ ፀጉር ክር፣ ልጄ ገና ሳትወለድ ጀምራ ነው የጨረሰችው። "ለአራት ለአምስት ዓመቷ ይሁናት" ብላ አስፍታ ሠራችው። ዛሬ እናቴ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ስለሚያማት የሹራብ መርፌ መያዝ አትችልም። ስለዚህ ያ ሹራብ ሌላ የሚተካው አልነበረም።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ልጅቷ ላይ ጮህኩባት። እሷም ዐይኗን ሰብራ "እትዬ፣ ቁጥሩን ያዞሩት እኮ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። እውነቷን ነው። የሥራዬ ዘርፍ ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የምርት መለያ ላይ ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅደም ስል እውላለሁ። ቤቴ ውስጥ ያለውን ልብስ ሌብል ግን አንብቤ አላውቅም፤ ለልጅቷም አስረድቻት አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ሹራብ ለምን ያንሳል?

የሱፍ ክር ፀጉር ነው፤ የተሠራውም እንደ እኛ ፀጉር ከፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ ፀጉር በዐይን የማይታዩ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ሽፋኖች አሉት። ሙቅ ውኃ ሲነካው ቅርፊቶቹ ይከፈታሉ። በዚያ ላይ መታሸት ወይም የማሽን መሽከርከር ሲጨመርበት አንዱ ፀጉር ከሌላው ጋር ይቆላለፋል። ከተቆላለፈ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። የሱፍ ባርኔጣ የሚሠራበት ወፍራም ጨርቅ የሚገኘው ሆን ተብሎ በዚህ መንገድ ነው። እኔም ሳላውቅ የልጄን ሹራብ የባርኔጣ ጨርቅ አደረግኩት ማለት ነው።

ስለዚህ ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ ሙቀት፣ መታሸትና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ። አራተኛ እንጨምር ከተባለ የሳሙና ምርጫ ነው። ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ለጥጥ ልብስ የተዘጋጁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የደምና የምግብ እድፍን ለማስለቀቅ ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለባቸው። ሱፍ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ኢንዛይሙ እድፉን ብቻ መርጦ አይበላም። በረኪናማ ጨርሶ አይነካውም፤ ሱፍን ያቢጨዋል፣ ሲበዛም ያሟሟዋል።

ሌብሉ ምን ይላል?

በልብስ ላይ የምናያቸው ምልክቶች የዘፈቀደ ሥዕሎች አይደሉም። በ1963 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ጂኔቴክስ የተባለ ማኅበር ያስፋፋቸውና በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው ናቸው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ውኃ የያዘ ገንዳ፦ እጥበትን ያመለክታል። በውስጡ ያለው ቁጥር ከፍተኛው የውኃ ሙቀት ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ካለ ማሽኑ በቀስታ ይዙር፣ ሁለት ከሆነ እጅግ በቀስታ ይዙር ማለት ነው። እጅ ከተሣለበት በእጅ ብቻ ይታጠብ ማለት ነው።
- ሦስት ማዕዘን፦ የበረኪና ምልክት ነው። ከተሰረዘ በረኪና አይነካም።
- አራት ማዕዘን፦ ማድረቅን ያመለክታል። በውስጡ ክብ ካለ ማድረቂያ ማሽንን ይመለከታል። መሐሉ ላይ አንድ አግድም መስመር ካለው ልብሱ ተዘርግቶ ይድረቅ ማለት ነው።
- ካውያ፦ አንድ ነጥብ ካለበት በዝቅተኛ ሙቀት ይተኮስ ማለት ነው።
- ክብ ብቻውን፦ ላውንደሪ የሚሰጥ ልብስ ነው።
- የትኛውም ምልክት ላይ ኤክስ ከተደረገ "አታድርግ" ማለት ነው።

በእጅ የተሠራ ሹራብ ግን ሌብል የለውም። ስለዚህ ክሩ ሲገዛ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ወረቀት አትጣሉ፤ የክሩ ዓይነትም የአስተጣጠቡ ምልክትም እዚያ ላይ አለ። ወረቀቱ ከሌለ፣ ልባሽ ተራ የገዛችሁት ሹራብም ሌብሉ ተቆርጦ ከሆነ፣ ከውስጥ በኩል ከተረፈ ክር ትንሽ ቁረጡና በወረንጦ ይዛችሁ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ላይ በክብሪት ለኩሱት። የፀጉር ቃጠሎ ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ እንደ አክሪሊክ ያለ ሰው ሠራሽ ክር ነው። እንደ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው። ልጆች ባሉበት አታድርጉት።

አክሪሊክ እንደ ሱፍ አይቆላለፍም፤ ሙቀት ግን ያላላዋል፣ ካውያም ያበላሸዋል። ጥጥ ሹራብ ደግሞ ውኃ ሲይዝ ከብዶ ይለጠጣል። ከፍየል የሚገኘው ካሽሜርና ሞሄር፣ ከጥንቸል የሚገኘው አንጎራ እንደ ሱፍ፣ እንዲያውም ከሱፍ በበለጠ ጥንቃቄ ይያዛሉ።

በእጅ ስናጥብ

በመጀመሪያ ነገር ሹራብ በለበስነው ቁጥር አይታጠብም። ሱፍ አየር ሲያገኝ ሽታውን ይለቃል። እድፍ ከሌለው ማታ አውልቆ ወንበር ላይ ማናፈስ ይበቃል።

መታጠብ ሲኖርበት ሹራቡን ገልብጡት፣ ቁልፎቹን ቆልፉ። በሳፋ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ውኃ አዘጋጁ። ቴርሞሜትር ከሌለ ለሕፃን ገላ ከምናዘጋጀው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ለሱፍ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና ካልተገኘ ለስላሳ የሕፃን ሻምፑ ይሠራል፤ ፀጉርን በፀጉር ሳሙና ማጠብ ነውና። ሳሙናውን አስቀድማችሁ ውኃው ውስጥ በጥብጡ፣ ከዚያ ሹራቡን ንከሩት። ለአስር ደቂቃ ያህል ተዉት፤ በመዳፋችሁ ጫን ለቀቅ አድርጉት እንጂ አትሹት።

ስታወጡት ከትከሻው አንጠልጥላችሁ አታንሡት፤ ከሥሩ በሁለት እጅ ደግፉት። ለማለቅለቅ የምትጠቀሙበት ውኃ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ ሙቀት ይኑረው። በመጨረሻው ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ አቼቶ ቢጨመር የሳሙናውን ቅሪት ያስለቅቃል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ማድረቅ፦ አብዛኛው ሹራብ የሚበላሸው እዚህ ነው

ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ በእጅ ሲነካ እርጥብ አይመስልም። ስለዚህ ገመድ ላይ ከተሰጣ የራሱ ክብደት ወደ ታች ይስበዋል። አንገቱ ይሰፋል፣ ትከሻው ላይ የመቆንጠጫ ጆሮ ይቀርበታል።

አትጠምዝዙት። ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉና ተጫኑት፤ ፎጣው ውኃውን ይጠጣዋል። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ እጅጌውንና ወገቡን በእጃችሁ ወደ ልኩ መልሱ። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። የአዲስ አበባ ፀሐይ በከፍታው የተነሣ ብርቱ ናት፤ ቀለም ታነጣለች፣ ነጭ ሱፍንም ታቢጫለች። በክረምት መድረቁ ሁለት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ፎጣውን እየቀያየራችሁ ሹራቡን አገላብጡት።

ቁም ሣጥን ውስጥ

ሹራብ ይታጠፋል እንጂ አይሰቀልም። ክረምቱ ሲያልፍ ሳይታጠብ አይቀመጥ። ሱፍ የሚበላው የብል ትል ነው፤ የሚበርረው ትልቁ ብል አይበላም፣ እንቁላሉን ግን ይጥላል። ትሉ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ልብስ ይወዳል። ብል ካገኛችሁ ሹራቡን በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሳምንት አቆዩት። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቀኑን ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ።

ናፍታሊን ብዙ ቤት አለ። የሕፃናት ልብስ ውስጥ ግን አታስቀምጡት። ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ይችላሉ፤ ትነቱም በተለይ በተፈጥሮ የተወሰነ የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋስ ሊያፈርስ ይችላል።

በመታሸት ብብትና ክንድ ላይ የሚወጡትን ትናንሽ የክር እንክብሎች በጣት አትንቀሉ፤ ጤነኛውንም ክር ይዘው ይወጣሉ። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በትንሽ መቀስ ወይም ለዚሁ በተሠራ መላጫ አንሡ።

አንዴ ካነሰስ?

ጥቂት ብቻ ያነሰ ከሆነ ተስፋ አለው። ለብ ባለ ውኃ ላይ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ንከሩት፤ ውኃውን በፎጣ አስጠጥታችሁ ቀስ እያላችሁ በየአቅጣጫው ሳቡትና ተዘርግቶ ይድረቅ። እንደ ልጄ ሹራብ የተቆላለፈ ግን አይመለስም። ሁለቴ ሞክሬዋለሁ።

ለእናቴ መንገር ከበደኝ። በሳምንቱ እሑድ ሹራቡን ይዤ ሄድኩ። አገላብጣ አየችውና "በስንት ውኃ አጠባችሁት?" አለች። ነገርኳት። "ልጅቷን ተቆጣሻት?" አለችኝ ቀጥላ። ዝም አልኩ። "እኔ ላንቺ አላሳየሁሽ፣ አንቺ ለእሷ አላሳየሻት፤ እሷ ከየት ታምጣው?" አለችና የራሷን ሰማያዊ ሹራብ ከቁም ሣጥን አወጣች። "በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሳፋ አዘጋጁ።"

መጣች። ከሳፋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ እኔንም ልጅቷንም አብራ አሳየችን። እጇ ስለሚያማት የነከርነው እኛ ነን። ሲያልቅ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እናቴ ፊት መሆኑ ጥሩ ነበር። አሁን ማሽኑ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሌብል ምልክቶቹ በእጅ ተሥለውበታል፣ የሣለችው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በጥድፊያ የባለቤቴን ሹራብ ወደ ማሽኑ ስወረውር እጄን ይዛ "እትዬ፣ ሌብሉን አይተውታል?" አለችኝ። አላየሁትም ነበር።

ትንሹ ነጭ ሹራብ የልጄ አሻንጉሊት ላይ ነው። እናቴ የሠራችላት ሌላ ሰማያዊ ሹራብ ደግሞ በሁለት ፎጣ መሐል እየደረቀ አሁንም ልኳ ነው።